340 ሰከንድ ከምን ጀምሮ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጎንደርና ከዙሪያዋ በዚህ ሰሞን የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ነገር ደጋግመው ያነሳሉ፦ የዳታቤዝ ትሬድ (የአንድን ኮኔክሽን ሥራ የሚያከናውነው የሰርቨሩ ክፍል) አሁን በያዘው ሁኔታ ወይም «ስቴት» ላይ ስንት ጊዜ እንደቆየ በምን ይታወቃል? ስለዚህ ገጹን ለዚሁ ለቀነዋል። የትእዛዞችንና የሰንጠረዦችን ስም በፊደላችን የጻፍነው እንደሚነበበው ነው፤ ሲተየብ በላቲን ፊደል ነው፣ የታችኛው ሰረዝም ባለበት ይቀመጣል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አዘዞ ያለ የእህል መጋዘን የሂሳብ ሲስተም የምንከታተል ሁለት ባለሙያዎች ነን። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል 5.7 ነው። ወር ሲዘጋ ሪፖርት የሚያወጣው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላከው ጥያቄ) ይንቀረፈፋል። ትሬዶቹን የሚዘረዝረውን «ሾው ፕሮሰስሊስት» ስንል ታይም 340፣ ስቴት ደግሞ «ክሪኤቲንግ ሶርት ኢንዴክስ» ይላል። ማኑዋሉ ታይም ማለት ትሬዱ አሁን ባለበት ስቴት የቆየበት ሰከንድ ነው ስለሚል፣ ይህን ሁሉ ጊዜ እየደረደረ ነው ብለን የሶርት በፈሩን፣ ማለትም ለመደርደር የሚመደበውን ሚሞሪ፣ ወደ 64 ሜጋባይት ከፍ አደረግነው። ጠብ ያለ ነገር የለም። የት ላይ ነው የሳትነው?

መልስ፦ የማኑዋሉን አባባል እንዳለ መውሰዳችሁ ነው ያሳታችሁ፤ ጥፋቱም የእናንተ ብቻ አይደለም። በተግባር ታይም የሚባለው ዓምድ የሚቆጥረው ትእዛዙ ከተነሳበት ቅጽበት ጀምሮ ነው። አንድ ኩዌሪ ተጀምሮ እስኪያልቅ ስቴቱን አሥር ጊዜ ሊቀያይር ይችላል፤ ቆጣሪው ግን በመሃል ወደ ዜሮ አይመለስም። የሚመለሰው አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ ነው። ስለዚህ 340 ሪፖርቱ ከተነሳ ያለፈው ጊዜ ነው። መደርደሩ ምናልባት የተጀመረው እናንተ ከማየታችሁ 5 ሰከንድ በፊት ይሆናል።

በዓይናችሁ ለማረጋገጥ ሦስት መስኮት ክፈቱ፤ ሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ ሳይሆን በመሞከሪያው። ቢያንስ አንድ ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ይኑር፣ ስሙን «ሙከራ» እንበለው። በመጀመሪያው መስኮት «ሎክ ቴብልስ ሙከራ ራይት» በሉ። በሁለተኛው «ሰሌክት ስሊፕ(20) ፍሮም ሙከራ ሊሚት 1» ብላችሁ ተዉት። በሦስተኛው «ሾው ፕሮሰስሊስት»ን ደጋግሙ። ሁለተኛው ትሬድ «ዌይቲንግ ፎር ቴብል ሜታዳታ ሎክ» ብሎ ይቆማል፣ ታይም 5፣ 10 እያለ ይወጣል። 15 ሲደርስ በመጀመሪያው መስኮት «አንሎክ ቴብልስ» በሉ። ስቴቱ ወዲያው «ዩዘር ስሊፕ» ይሆናል፤ ታይም ግን 16፣ 17 ብሎ ይቀጥላል። ስቴቱ አዲስ፣ ሰዓቱ የድሮው። ሰንጠረዡ ባዶ ከሆነ ስሊፕ የሚጠራበት ረድፍ ስለሌለ ሎኩ እንደተፈታ «ዩዘር ስሊፕ» ሳይታይ ያልቅባችኋል።

የስቴቱን የራሱን ዕድሜ የሚይዘው ፐርፎርማንስ ስኪማ የሚባለው የማይኤስኪውኤል የመለኪያ ሰንጠረዦች ስብስብ ነው፤ ስቴቱን እዚያ «ስቴጅ» ይሉታል። ችግሩ፣ የስቴጅ መለኪያዎቹ አብዛኞቹ ጠፍተው ነው የሚመጡት፣ ማብሪያቸውም ሁለት ቦታ ነው። መጀመሪያ «ሴትአፕ_ኢንስትሩመንትስ» በሚባለው ሰንጠረዥ ውስጥ ስማቸው በ«ስቴጅ/» የሚጀምሩትን ሁሉ «ኢነብልድ»ም «ታይምድ»ም «የስ» አድርጉ። ቀጥሎ «ሴትአፕ_ኮንሲውመርስ» ውስጥ በ«ኢቨንትስ_ስቴጅስ» የሚጀምሩትን ሦስቱን «የስ» አድርጉ። አንዱን አብርቶ ሌላውን ረስቶ «ሰንጠረዡ ባዶ ነው» ማለት የተለመደ ስህተት ነው። «ታይምድ» ካልበራ ደግሞ ረድፉ ይመጣል፣ የጊዜው ቦታ ግን ባዶ ይሆናል።

ከዚያ «ኢቨንትስ_ስቴጅስ_ከረንት»ን ከ«ትሬድስ» ሰንጠረዥ ጋር በ«ትሬድ_አይዲ» አገናኙ። «ታይመር_ዌይት» የሚሰጣችሁ ቁጥር በፒኮሰከንድ ስለሆነ ወደ ሰከንድ ለመመለስ ለ1,000,000,000,000 ይካፈላል፤ ዜሮዎቹን ቁጠሩ፣ 12 ናቸው። ስቴቱ ገና ካላለቀ ቁጥሩ እስካሁን ያለፈውን ያሳያል፤ የፈለጋችሁት ይህንኑ ነው።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። «ትሬድ_አይዲ» እና «ፕሮሰስሊስት_አይዲ» አንድ አይደሉም። ኮኔክሽን የሚያቋርጠው «ኪል» የሚቀበለው ሁለተኛውን ነው፤ የመጀመሪያውን ከሰጣችሁት ወይ «እንዲህ ያለ ትሬድ የለም» ይላል፣ ወይ የሌላ ሰው ኮኔክሽን ያቋርጣል። ሁለተኛ፣ ኩዌሪው እየሄደ ሳለ መለኪያውን ብታበሩ አሁን ያለበት ስቴት አይመዘገብም፤ ወደ ቀጣዩ ሲሻገር ነው መታየት የሚጀምረው። ሦስተኛ፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲሆን ያበራችሁት ሁሉ ይጠፋል። እንዲቆይ ከፈለጋችሁ በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ «ፐርፎርማንስ-ስኪማ-ኮንሲውመር-ኢቨንትስ-ስቴጅስ-ከረንት=ኦን» እና «ፐርፎርማንስ-ስኪማ-ኢንስትሩመንት='ስቴጅ/%=ኦን'» ብላችሁ ጻፉ። ያለፉትንም ስቴቶች ማየት ስለምትፈልጉ የ«ሂስትሪ»ውን ኮንሲውመር በተመሳሳይ መንገድ ጨምሩበት። ይህኛው ለአንድ ትሬድ አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን 10 ስቴቶች ብቻ ይይዛል፣ ትሬዱ ሲቋረጥም አብሮት ይጠፋል። ለተቋረጠው «ሂስትሪ_ሎንግ»ን ተመልከቱ።

የእናንተን ሪፖርት በዚህ ብትለኩት ጊዜው የሚወጣው «ሴንዲንግ ዳታ» ላይ ይመስለናል። ብዙ ሰንጠረዦች አጣምሮ በጊዜያዊ ሰንጠረዥ እየደመረ የሚያወጣ የወር ሪፖርት በ5.7 ላይ አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ረድፎቹን እያነበበ ጊዜያዊውን ሰንጠረዥ የሚሞላው «ሴንዲንግ ዳታ» በሚለው ስቴት ነው፣ «ክሪኤቲንግ ሶርት ኢንዴክስ» የሚመጣው የተሞላውን ሲደረድር ነው። ስሙ ውሂብ እየላከ ያለ ያስመስላል እንጂ ማንበቡም ማጣመሩም እዚያው ውስጥ ነው። ግራ ማጋባቱ ስለታወቀ ከ8.0.17 ጀምሮ «ኤክሰኪዩቲንግ» ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «ኤክስፕሌይን» ብላችሁ የትኛው ሰንጠረዥ ያለ ኢንዴክስ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደሚነበብ ፈልጉ። የሶርት በፈሩን ወደ 256 ኪሎባይት መልሱት፤ መደርደር ለሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ለየብቻ የሚመደብ ስለሆነ 64 ሜጋባይት በ50 ሰው ሲባዛ ሚሞሪውን ይጨርሰዋል። የ5.7 ድጋፍ ደግሞ በ2023 እ.ኤ.አ. ጥቅምት አብቅቷል፤ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋችን ቀላል ስለሆነ አይደለም።

ጥያቄ፦ በአንድ ማይኤስኪውኤል 8.0 ላይ ስድስት የጃቫ አፕሊኬሽኖች አሉን። 58 ትሬዶች «ስሊፕ» እንዳሉ ናቸው፣ ታይማቸው የአንዳንዱ ከ20,000 በላይ። ሁሉንም ኪል ላድርጋቸው? — ከጃንተከል

መልስ፦ አይንኳቸው። «ስሊፕ» ላይ የታይም ቁጥር እንደ ስሙ ነው፤ ከመጨረሻው ትእዛዝ ወዲህ ያለፈውን ሰከንድ ይነግራል። ሃይካሪ የሚባለው የኮኔክሽን ፑል (ኮኔክሽኖችን ከፍቶ ለአፕሊኬሽኑ የሚያቆየው) ሳይነካ ከተተወ ለአንድ አፕሊኬሽን 10 ኮኔክሽን ይይዛል፤ ስድስት ጊዜ አሥር 60 ነው፣ የእርስዎ 58ም ከዚያ ብዙ አይርቅም። የሰርቨሩ የኮኔክሽን ገደብ ካልተቀየረ 151 ስለሆነ ቦታ አለ። አገልጋዩ በራሱ የሚያቋርጣቸው «ዌይት_ታይምአውት» ሲሞላ ነው፣ እሱም 28,800 ሰከንድ ማለትም 8 ሰዓት ነው። ሃይካሪ ግን አንድን ኮኔክሽን ከ30 ደቂቃ በላይ አያቆይም። ስለዚህ ከ20,000 በላይ የሚሉት ከፑሉ የወጡ፣ ተረስተው የቀሩ ወይም ከሌላ ፕሮግራም የመጡ ናቸው። «ሆስት» እና «ዩዘር» ዓምዶቹን አይተው ባለቤታቸውን ይፈልጉ።

ሊያስጨንቅዎት የሚገባው ሌላ ነው፦ ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸድቁ ወይም አብረው የሚሰረዙ ሥራዎች) ከፍቶ የተኛ ትሬድ። ይህን ታይም አይነግርዎትም። በየ2 ሰከንዱ አንዲት ትንሽ ኩዌሪ የሚልክ ፕሮግራም ታይሙ ሁልጊዜ 0 ወይም 1 ይላል፣ ትራንዛክሽኑ ግን ለ40 ደቂቃ ክፍት ሆኖ ሎክ (ሌሎችን የሚያስቆም ቁልፍ) ይዞ ሊሆን ይችላል። «ኢንፎርሜሽን_ስኪማ» ውስጥ «ኢኖዲቢ_ትሪክስ» የሚባለውን ይክፈቱ፤ «ትሪክስ_ማይኤስኪውኤል_ትሬድ_አይዲ» ከፕሮሰስሊስቱ ቁጥር ጋር ይገናኛል። ዕድሜውን «ታይምስታምፕዲፍ(ሰከንድ፣ ትሪክስ_ስታርትድ፣ ናው())» ብለው ያውጡ። የገቡበት ሴሽን የሰዓት ክልል ከሰርቨሩ የተለየ ከሆነ ውጤቱ በ3 ሰዓት፣ ማለትም በ10,800 ሰከንድ ሊዛባ ይችላል። ከ10,800 ትንሽ ከፍ ያለ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ካዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

«ዌይት_ታይምአውት»ን ወደ 600 ማውረድ ይቻላል፤ «ሴት ግሎባል» የሚነካው ግን ከዚያ በኋላ የሚገቡትን ብቻ ነው። የፑሉንም «ማክስላይፍታይም» አብረው ከዚያ በታች ያውርዱት፣ በሚሊሰከንድ ስለሆነ ለምሳሌ 570000። ይህን ከረሱ ፑሉ የሞተ ኮኔክሽን እያነሳ «ኮሙኒኬሽንስ ሊንክ ፌይለር» ማለት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሰዉ ኔትዎርኩን ይወቅሳል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ያለ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ነው፣ ፖስትግሬስ 15። ለጥምቀት እንግዳው ሲጎርፍ አንድ ችግር አለ፦ ክፍሉ ዝርዝሩ ላይ ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ሪሴፕሽኗ ስትጫነው ግን ስክሪኑ ይሽከረከራል። «ሲስተም የለም» ማለት ሰልችቷቸዋል። «ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ» ውስጥ «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» የሚል አየሁ፤ ስንት ደቂቃ እንደቆየ የሚናገር ዓምድ ግን አጣሁ።

መልስ፦ ፖስትግሬስ የቆይታውን ርዝመት አይጽፍም፤ መነሻ ሰዓቱን ጽፎ መቀነሱን ለእርስዎ ይተዋል። በእኛ ግምት ይህ ከማይኤስኪውኤሉ አሠራር ይሻላል፣ ምክንያቱም መነሻዎቹ አራት መሆናቸውን አይደብቅም። «ባክኤንድ_ስታርት» ኮኔክሽኑ የተከፈተበት፣ «ኤክስአክት_ስታርት» ትራንዛክሽኑ የተጀመረበት፣ «ኩዌሪ_ስታርት» የመጨረሻው ኩዌሪ የተነሳበት፣ «ስቴት_ቼንጅ» ደግሞ ስቴቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀየረበት ነው። የጠየቁት ይህ አራተኛው ነው፦

ሰሌክት ፒአይዲ፣ ዩዝኔም፣ ስቴት፣ ክሎክ_ታይምስታምፕ() - ስቴት_ቼንጅ፣ ክሎክ_ታይምስታምፕ() - ኤክስአክት_ስታርት ፍሮም ፒጂ_ስታት_አክቲቪቲ ዌር ስቴት <> 'አይድል';

በ«ናው()» ፋንታ «ክሎክ_ታይምስታምፕ()» ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ቢጊን» ብለው ገብተው ከሆነ «ናው()» ትራንዛክሽኑ የተጀመረበት ሰዓት ላይ ደርቆ ይቀራል። የባሰው ደግሞ ሰንጠረዡ ራሱ በዚያው ትራንዛክሽን ውስጥ መጀመሪያ የታየውን ምስል ነው ደጋግሞ የሚያሳየው፤ ስለዚህ ይህን ኩዌሪ ከትራንዛክሽን ውጭ ያስኪዱት። መነሻ ሰዓቱን በዓይን አንብቦ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ማወዳደርም አያዋጣም፦ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ከሆነ 06:12 የሚለው ለሪሴፕሽኗ ከጠዋቱ 3:12 ነው። መቀነሱን ለዳታቤዙ ይተዉለት።

ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ያንብቡ። ሁለቱም 11 ደቂቃ ገደማ ካሉ፣ ፕሮግራሙ ትራንዛክሽን ከፍቶ አንድ ነገር ሠርቶ ወዲያው ዝም ብሏል ማለት ነው። ትራንዛክሽኑ 11 ደቂቃ፣ ስቴቱ ግን 2 ሰከንድ ከሆነ ሥራ ላይ ያለ ረጅም ትራንዛክሽን ነው፤ እሱን መግደል በሥራ ላይ ያለን ሰው እንደ ማባረር ነው።

ሎኩ እስኪለቀቅ የሚጠብቁት ደግሞ ስቴታቸው «አክቲቭ» ብሎ፣ «ዌይት_ኢቨንት_ታይፕ» ላይ «ሎክ» ይላል። አንድ ክፍል ላይ ሦስት ሰው ቢሰለፍ የመጀመሪያው ጠባቂ ዌይት ኢቨንቱ «ትራንዛክሽንአይዲ»፣ ከኋላው ያሉት «ተፕል» ነው የሚሉት። «ፒጂ_ብሎኪንግ_ፒአይዲስ(ፒአይዲ)» ለኋለኞቹ የሚጠቁመው ፊታቸው ያለውን ጠባቂ ስለሚሆን፣ ሰንሰለቱን እስከ ራሱ ተከትለው ይሂዱ፤ መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ያው «አይድል ኢን ትራንዛክሽን» ያለው ነው። ዌይት ኢቨንት የራሱ ሰዓት የለውም። ለሎክ ግን ከቨርዥን 14 ጀምሮ «ፒጂ_ሎክስ» ውስጥ «ዌይትስታርት» የሚባል ዓምድ አለ፣ መጠበቅ የተጀመረበትን ሰዓት ይሰጣል። መጠበቁ እንደተጀመረ ለቅጽበት ባዶ ሊሆን ስለሚችል አይደንግጡ። «ሎግ_ሎክ_ዌይትስ»ን ካበሩ ደግሞ ከ1 ሰከንድ በላይ የተጠበቀው ሁሉ ሎግ ፋይሉ ላይ ይጻፋል፤ ያቺ 1 ሰከንድ የ«ዴድሎክ_ታይምአውት» ነባር ዋጋ ናት።

አሁን ክፍሉ ለምን ባዶ መስሎ እንደሚቆም ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ክፍሉን «ሰሌክት ፎር አፕዴት» ብሎ ይይዝና እንግዳው ቀብዱን በሞባይል እስኪልክ ትራንዛክሽኑን ሳይዘጋ ይጠብቃል። ተራ ንባብ በዚህ ሎክ አይታገድም፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ክፍሉን ያሳያል፤ ሁለተኛ ሰው ሊይዘው ሲሞክር ግን ይቆማል። እንግዳው ኔትዎርክ ፍለጋ በረንዳ ከወጣ ክፍሉ አብሮት ወጣ ማለት ነው።

ለዛሬ ማታ የሚሆነው፦ «ፒጂ_ተርሚኔት_ባክኤንድ(ፒአይዲ)»። «ፒጂ_ካንስል_ባክኤንድ» እዚህ አይሠራም፤ የሚሰረዝ ኩዌሪ በእጁ የለም። ለነገ፦ ለፕሮግራሙ ዩዘር «ኦልተር ሮል ... ሴት አይድል_ኢን_ትራንዛክሽን_ሴሽን_ታይምአውት = '2ሚን'» ይበሉ። መለኪያውን አይርሱ፤ ዝም ብለው 120 ካሉ 120 ሚሊሰከንድ ነው የሚሆነው፣ ማስያዣውም እንዳለ ይቋረጣል። ቅንብሩ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚገባ ሴሽን ነው፣ ሲቋረጥም ኮኔክሽኑ ጭምር ስለሚዘጋ ፕሮግራሙ ዳግም መገናኘት መቻል አለበት።

እውነተኛው መፍትሔ ግን ገንዘብ የሚጠብቀውን ጊዜ ከትራንዛክሽን ውስጥ ማውጣት ነው። ክፍሉ ላይ «ተይዟል_እስከ» የሚል ዓምድ ይጨምሩ፤ ሪሴፕሽኗ ስትጫን ከአሁን 10 ደቂቃ በኋላ ያለውን ሰዓት ጽፎ ወዲያው «ኮሚት» ይበል። ክፍያው ሲገባ ሁለተኛ አጭር ትራንዛክሽን፣ መያዣው ጊዜ እንዳላለፈና የዚያው እንግዳ እንደሆነ አረጋግጦ ያጽድቀው። ሌሎች ሪሴፕሽኖችም ከመቆም ይልቅ «እስከ 4:20 ተይዟል» የሚል ያያሉ። ጥር 10 ማታ ላይ ግን ይህን ለውጥ አይጀምሩት።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ማይኤስኪውኤል ላይ የአንዳንድ ትሬዶች ታይም ያብዳል፤ ገና 5 ደቂቃ ሳይሞላው ብዙ ሺህ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ይላል። ዳታቤዙ ተበላሽቶ ይሆን? — ከፋሲል ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ዳታቤዙ ደህና ነው፤ የታመመው የማሽኑ ሰዓት ነው። ታይም የሚሰላው «አሁን ስንት ሰዓት ነው» ከሚለው ላይ «ትእዛዙ ሲነሳ ስንት ሰዓት ነበር» የሚለው ተቀንሶ ነው፣ ሁለቱም ከሰርቨሩ ሰዓት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የመሰለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሲአር2032፣ ካለቀች ማሽኑ መብራት ሲመጣ በተሳሳተ ሰዓት ይነሳል። ማይኤስኪውኤልም አብሮ ይነሳል፣ አፕሊኬሽኖቹም ይገናኛሉ፤ ከዚያ ኢንተርኔቱ ሲመለስ የሰዓት ማስተካከያው ሰዓቱን በአንዴ ያዘልለዋል። የዘለለው ሁሉ ከዝላዩ በፊት በተጀመረው ትሬድ ላይ ይደመራል ወይም ይቀነሳል።

ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ «ኤችደብሊውክሎክ --ሾው» ይበሉና ሰዓቱን ይዩ። ከሳተ ባትሪዋን ይቀይሩ። ቀጥሎ ክሮኒ የሚባለው የሰዓት ማስተካከያ ተጭኖ ከሆነ «ሜክስቴፕ 1 3» የሚል መስመር ኮንፊገሬሽኑ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ፦ ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ከሆነ ማዝለል የሚፈቀደው በመጀመሪያዎቹ 3 ማስተካከያዎች ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ ነው የሚያርመው። የማይኤስኪውኤል ሰርቪስም «አፍተር=ታይም-ሲንክ.ታርጌት» እንዲል አድርገው፣ «ክሮኒ-ዌይት» የሚባለውን ሰርቪስ ያብሩ፤ ያለ እሱ የመጀመሪያው መስመር ብቻውን አያስጠብቅም። ኢንተርኔቱ ከመብራቱ ዘግይቶ የሚመጣ ከሆነ ዳታቤዙም አብሮ ይዘገያል፤ ይህን የሚቀበሉት ከሆነ ነው።

ዳታቤዙ ከማይኤስኪውኤል የተገነጠለው ማሪያዲቢ ሆኖ ሳለ ማይኤስኪውኤል የሚሉትም ብዙዎች ናቸው፤ ዛምፕ ከጫኑ ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ነው። «ሰሌክት ቨርዥን()» ይበሉ። ማሪያዲቢ ከሆነ «ኢንፎርሜሽን_ስኪማ» ውስጥ ባለው «ፕሮሰስሊስት» ሰንጠረዥ «ታይም_ኤምኤስ» የሚል ተጨማሪ ዓምድ ያገኛሉ፣ በሚሊሰከንድ። እሱም ከትእዛዙ መነሻ ነው የሚቆጥረው፤ የጨመረው ደቃቅነት ብቻ ነው። ፐርፎርማንስ ስኪማም እዚያ ሲጫን ጠፍቶ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፦ ማራኪ ግቢ የመመረቂያ ሥራ እየሠራሁ ነው። በየሰከንዱ «ሾው ፕሮሰስሊስት» እያልኩ የእያንዳንዱን ስቴት አማካይ ቆይታ ላሰላ አስቤአለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ አማካይ ቆይታ በዚህ አይወጣም። ወፍጮ ቤት ጎራ ብለው ያገኙትን ሁሉ «ስንት ጊዜ ቆየህ?» ቢሉ፣ የሚያገኙት ኩንታል ጭኖ የመጣውን ነው፤ አንድ ቁና አስፈጭታ የሄደችውን አያገኟትም። ናሙናም እንደዚሁ ረጅሞቹን ያበዛል። በዚያ ላይ የሚያነቡት ቁጥር እስካሁን የቆየውን እንጂ ጠቅላላ የሚቆየውን አይደለም።

በናሙና በትክክል የሚወጣው ድምር ነው። በ10 ደቂቃ 600 ጊዜ ቢያዩና የሎክ ጥበቃ በጠቅላላው 150 ጊዜ ቢታይ፣ 150 የትሬድ ሰከንድ በጥበቃ አልፏል ማለት ነው፤ በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ 0.25 ትሬድ ይጠብቃል። ከ1 ሰከንድ ያጠሩ ስቴቶች አንዳንዴ ቢታዩ አንዳንዴ ቢያመልጡም ድምሩ ላይ ይካካሳሉ። ይህ እንዲሆን ግን ናሙናው ከሥራው ጋር እግር በእግር መሄድ የለበትም። ሥራዎችን በተወሰነ ሰዓት የሚያስነሳው ክሮን የሚያስነሳቸው ሁሉ ደቂቃዋ ልክ ስትገባ ስለሚነሱ፣ ልክ በየ60 ሰከንዱ የሚያይ ወይ ሁልጊዜ ያገኛቸዋል ወይ ፈጽሞ አያገኛቸውም። በየናሙናው መካከል እስከ 200 ሚሊሰከንድ የሚደርስ የዘፈቀደ ልዩነት ይጨምሩ፤ የራስዎንም ትሬድ በ«ኮኔክሽን_አይዲ()» ይቀንሱ።

«ሾው ፕሮሰስሊስት» ሳይቀየር ሁሉንም ትሬዶች የሚያየው አንድ የጋራ ሙቴክስ (አንድ በአንድ የሚያሳልፍ ቁልፍ) ይዞ ስለሆነ ብዙ ኮኔክሽን ባለበት በየሰከንዱ ባይጠሩት ይመረጣል። ከ8.0.22 ጀምሮ በፐርፎርማንስ ስኪማ ውስጥ «ፕሮሰስሊስት» የሚባል ሰንጠረዥ አለ፣ ያንን ሙቴክስ አይይዝም። አማካዩን የግድ ከፈለጉት ለመጀመሪያው ጥያቄ እንደነገርነው የስቴጅ መለኪያዎቹን አብርተው «ኢቨንትስ_ስቴጅስ_ሰመሪ_ግሎባል_ባይ_ኢቨንት_ኔም»ን ያንብቡ፤ ብዛቱም ድምሩም አማካዩም ተሰልቶ ተቀምጧል። ከመነሳትዎ በፊት «ትራንኬት» ካሉት ከዜሮ ይጀምራል። ያላለቀ ስቴት ግን እስኪያልቅ አይደመርበትም።

ጥያቄ፦ ዋናው ሰርቨር አዲስ አበባ፣ ቅጂው ጎንደር ነው፤ ማይኤስኪውኤል 8.0። ሰኞ ጠዋት ቅጂው ላይ የኤስኪውኤል ትሬዱ (የደረሱትን ለውጦች ቅጂው ላይ የሚፈጽመው) ታይም 50,000 አለፈ። ቅጂው ይህን ያህል ወደ ኋላ ቀርቷል?

መልስ፦ ላይቀር ይችላል። በዚህ አንድ ትሬድ ላይ ታይም ማለት ሌላ ነው፦ በመጨረሻ የተቀዳው ክንውን ላይ ባለው ሰዓትና በቅጂው ማሽን ሰዓት መካከል ያለው ልዩነት። እሁድ ማንም ካልጻፈ የሚቀዳ አዲስ ነገር ስለሌለ ቁጥሩ ዝም ብሎ ያድጋል። ስቴቱ «ሬፕሊካ ሀዝ ሬድ ኦል ሪሌይ ሎግ» ብሎ የሚጀምር ከሆነ የደረሰውን ጨርሶ ተቀምጧል። «ሾው ሬፕሊካ ስታተስ» ይበሉና «ሰከንድስ_ቢሃይንድ_ሶርስ»ን ይዩ። እዚያ 0 ካለና «ሬፕሊካ_አይኦ_ረኒንግ» ደግሞ «የስ» ካለ ወደ ሥራዎ ይመለሱ። ሁለተኛው «ኮኔክቲንግ» ካለ ግን በመጀመሪያው ላይ የሚያዩትን አይመኑት፤ መስመሩ ተቋርጦ አዲስ አበባ ያለው አዲስ ነገር ጎንደር አልደረሰም።